ራሴን ከካሴት ላይ ያስጠፋሁ ጊዜ

ሰው ፎቶው ቢያስጠላው ቀዶ ይጥለዋል። እኔን ያስጠላኝ ድምፄ ነበር። ድምፅ ደግሞ አይቀደድም ብዬ ነበር የማምነው፤ እዚሁ ነገሌ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ድምፅን እንደ ጨርቅ ዘርግቶ የሚቆርጥ ሰው መኖሩን እስክሰማ ድረስ። ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ሥራዬ በጠባብ መስኮት ብቅ ብሎ የሰው ስም መጥራት ነበር። እጠራለሁ፣ «አቤት» ይባላል፣ ካርዱን እሰጣለሁ። አንዳንዴ ጠርቼ መልስ አጣለሁ። ያኔ ካርዱን ከሥር አስገብቼ ቀጣዩን እጠራለሁ። ሦስቴ ጠርቼው ያልመለሰ ሰው ሲኖር ግን እጄ ካርዱ ላይ ትንሽ ይቆይ ነበር። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ባለቤቴ መምህር ጎዳና የጉጂ ሰው ነበር። እኔ የወታደር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚህ ጦር ሰፈር ቀረ። መምህር ሳንባው ሲከዳው ለልጅ ልጃችን ለዳርሚ የሠርጓን ምርቃት በካሴት እቀዳለሁ አለ። ዳርሚ ያኔ ገና ጡት አልጣለችም። «እስከዚያ እኖራለሁ ብዬ አላስቸግርም» ነው ያለው። ለሞቱ እንኳ ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ነበር።

ችግሩ የጉጂ ምርቃት ብቻውን አለመሄዱ ነው። መራቂው አንድ ነገር ይልና ያቆማል። የተቀመጠው ሰው «ሃ ታኡ» ይላል፤ ይሁን ማለት ነው። መራቂውም ይቀጥላል። መላሽ ከሌለ ግን እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። የዚያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ማድ ቤት ነበርኩ፤ ወተቱ እሳት ላይ ነበር፤ አጥሩ ደግሞ ፈርሶ የጎረቤት ፍየል እንደልቧ ትገባ ነበር። «ከዚያው ሆነሽ መልሺልኝ» አለኝ። ካሴቱ ላይ ያለው እንግዲህ ይህ ነው። እሱ የተናገረው በኦሮምኛ ነው፤ ለእናንተ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«ቤትሽ የሞላ ይሁን» ይላል መምህር።

«ሃ ታኡ! ጀሪካኑን ማን ነው ባዶ ያደረገው?» እላለሁ እኔ።

«ከብትሽ ይርባ።»

«ሃ ታኡ! ውጪ አንቺ!» ይህ ለፍየሏ ነው።

«አንደበትሽ እንደ ቅቤ ይለስልስ።»

«ሃ ታኡ አልኩህ እኮ! አትሰማም እንዴ?»

ምርቃቱ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ መልሱ አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠነኛው የመጨረሻው ነው፤ የዳርሚም አይደለም። «ማድ ቤት ያለችውም» ይላል፣ «ከእኔ በኋላ ብዙ ትኑር። ብቻዋን ስትሆን አትፍራ።» ከዚያ ያቆማል። ረጅም ጊዜ የካሴቱ «ሽሽሽ» የሚል ሽሽታ ብቻ ይሰማል፤ በመጨረሻ ቁልፉ ቀጭ ይላል። ለዚያኛው አልመለስኩም። ወተቱን እያወረድኩ ነበር መሰለኝ። ካሴቱን በዓመት አንድ ጊዜ እሰማው ነበር፤ እዚያ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ሥራ ይኖረኛል፣ እነሳለሁ።

ዳርሚ ለማግባት ደረሰች። እናቷ፣ ልጄ፣ መጣችና «እማዬ፣ የአባዬን ምርቃት ድንኳኑ ውስጥ በድምፅ ማጉያ እናሰማዋለን። የሙሽራው ሽማግሌዎች ከቡሌ ሆራ ይመጣሉ» አለችኝ።

ሦስት መቶ ሰው ፊት ፍየል ሳባርር ታየኝ። ካሴቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ዋሪዮ ሄድኩ።

ዋሪዮ ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው። ድሮ ሬዲዮ ይጠግን ነበር፤ አሁን የሠርግ ቪዲዮ ያነሳል፣ ድምፅም ያጸዳል። አክብሮ «አዴ» ይለኛል።

«ናጋ ቡልታኒ አዴ?» ብሎ እንዴት አደርሽ አለኝ። «ምን ላጥፋልዎት?»

«ድምፅ።»

«የጄኔሬተር ነው የውሻ?»

«የእኔ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጥቅልሌን ፈትቼ ሰጠሁት። ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጠውና ስክሪኑን አዞረልኝ። ያየሁት ነገር ጥቁር ሜዳ ላይ የፈሰሰ ቀለም ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ነው ብሎ አስረዳኝ። ጊዜው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጮክ ያለው ቢጫ ነው፣ ዝግ ያለው ሐምራዊ፣ ዝም ያለው ጥቁር።

«ይህ ከታች እንደ ገመድ የተዘረጋው?»

«የጎረቤት ጄኔሬተር።»

«ይህስ?»

ዋሪዮ ጣቱን ከስክሪኑ ትንሽ አራቀ። «ይህ መምህር ናቸው» አለ።

አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩ፣ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፤ ልክ እንደ ጎድን አጥንት። በየሐረጉ መጀመሪያ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። ትንፋሹ ነው አለኝ፤ አየር ሲስብ። ባሌን ከቀበርኩ ሃያ ዓመቴ ነው። ጎድኑን ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እርስዎ ደግሞ ይችውልዎ» አለ።

እኔ እንደ ጅራፍ ነኝ። ቢጫ፣ ከታች እስከ ላይ።

ዋሪዮ በማውዙ ዙሪያዬን ከበበኝ፤ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ጠፋሁ። አላመመኝም። ቦታዬ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ቀረ። «አሁን ይስሙት» ብሎ ከፈተው።

«ቤትሽ የሞላ ይሁን» አለ ባሌ። ከዚያ ምንም። ከዚያ ከምንሙ ውስጥ አንድ ነገር ተነፈሰ። ቃል አይደለም፤ «ህ... ት...» የሚል ትንፋሽ ብቻ፣ በር ጀርባ ቆሞ ሰው እንዳይሰማው እንደሚጠነቀቅ ሰው።

ዋሪዮ እጁን ከማውዙ ላይ ነጠቀ። እኔም ወደ በሩ ዞርኩ። በሩ ላይ ማንም የለም።

«ግንዱን ነው የቆረጥነው» አለ። «ቅርንጫፉ ላይ ቀርቷል።» የሰው ድምፅ አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም ለካ። ግንዱ ከታች ነው፤ ከላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ቅርንጫፍ ያወጣል። «ሃ» ስትሉ የሚወጣው ትንፋሽ ሩቅ፣ አናት ላይ ነው የሚቀመጠው። እዚያም ሄዶ ቆረጠኝ። ከዚያ ማሚቶዬን ቆረጠው፤ ግድግዳው እኔን ሲመልሰኝ የነበረውን ማለት ነው። ሰው ተቆርጦ የማያልቅ ነገር መሆኑን እዚያ ተማርኩ።

ፍየሏ ላይ ስንደርስ ተቸገርን። ጩኸቷ ባሌ «አንደበትሽ» የሚለው ላይ ተጠላልፏል። ዋሪዮ ፍየሏን ሲያወጣት መምህር በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር መሰለ። ጄኔሬተሩን ከሥር ሲነቅለው ደግሞ የባሌን ደረት ይዞበት ሄደ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ አክሎ ቀረ። «መልሰው፣ መልሰው!» አልኩ። ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ አለው፤ አንዴ ሲጫኑት የመጨረሻው ጥፋት እንዳልነበረ ይሆናል። ካርድ ክፍል እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖረኝ ብዬ የሁለት ሰዎች ካርድ የለዋወጥኩበትን ቀን አስታወስኩ። ስለ ቤቴ ግን በተለይ አላሰብኩም፤ ከጀመርኩት ቁልፉ አይበቃም።

በመጨረሻ ጄኔሬተሩ በጥቂቱ ደከመ፤ ፍየሏ እንዳለች እዚያው ቀረች፤ እኔ ጠፋሁ።

የቀረው ሽሽታው ነበር። ዋሪዮ ማንም የማይናገርበትን ቁራጭ መርጦ «ሽሽታ ማለት ይህ ነው» ብሎ ለማሽኑ አሳየው፤ ማሽኑም ከየቦታው ለቀመው። ሜዳው ጠቆረ። መጨረሻው ላይ፣ ከአሥራ ዘጠነኛው በኋላ፣ ታች አካባቢ ፈዛዛ ሐምራዊ ነገር ብቅ አለ።

«ይችን ምን ላድርጋት አዴ?»

በነጠላዬ ጫፍ ስክሪኑን ጠረግኩት። አልሄደም። «አቧራ ነው፣ ተወው» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያ ቦታ ላይ ብዙ መቆየት አልፈለግኩም።

«የድሮውን ቅጂ ላስቀምጥልዎት?»

«አጥፋው» አልኩ። «ማንም እንዳይሰማው።»

አጠፋው። ከዚያ ካሴቱን ሊያወጣ ሲል ቴፑ በላው። አንጀቱ ተጎልጉሎ ወጣ፤ በእስክሪብቶ እየጠቀለልን ብንሞክርም ሁለት ቦታ ተበጥሶ፣ ተጨማዶ ነበር። ዋሪዮ ደነገጠ። እኔ ግን፣ ሞኝነቴን ስሙልኝ፣ እንኳን ተበላ አልኩ። ምስክር ጠፋ ብዬ፣ ዋሪዮ የጸዳውን የገለበጠልኝን ፍላሽ ይዤ በባጃጅ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። ዋሪዮ ምርቃቱን ስልኬ ላይም አስገብቶልኝ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ከፈትኩት።

«ቤትሽ የሞላ ይሁን» አለ መምህር፣ ጥርት ብሎ። ከዚያ ቆመ።

አሁን እንግዲህ ዝምታው ባዶ ነበር። ሽሽታ የለው፣ ትንፋሽ የለው። እሱ ብቻ አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቃል። መምህር ትዕግሥተኛ ነበር፤ ትዕግሥቱን ግን ብቻውን፣ ሳልቀላቅልበት ሰምቼው አላውቅም። የያዝኩትን ሰሃን ማስቀመጥ አቃተኝ። እሱ ሲጠብቅ እኔ እንዴት እንቀሳቀሳለሁ? ቆርቆሮው ቀጭ አለ። ያን ጊዜ ብቻ፣ ቀጭታውን እንደ መልስ የተቀበለ ይመስል፣ «ከብትሽ ይርባ» ብሎ ቀጠለ።

እንደገና ቆመ።

«ሜእእእ» አለች ፍየሏ፣ ከስልኩ ውስጥ።

«ፍየል ናት እንዴ የምትመልስለት?» አለ ሰው።

ሰሃኑን ያን ጊዜ ጣልኩት። በሩ ላይ የቆሙት ጎረቤቴ ኦቦ ጃተኒ ናቸው፤ የጉጂ ሽማግሌ፣ የመምህር ወዳጅ። ሳይጋበዙ ገብተው ተቀመጡ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ሦስት አራቱን ሰሙ።

«ማንን ነው የሚጠብቀው?» አሉኝ።

«ማንንም።»

«ሰው ማንንም አይጠብቅም» አሉ። ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘነበሉ። «ስሚው። ከቆመ በኋላ ሲጀምር እፎይ ብሎ ነው የሚጀምረው። መልስ አግኝቷል። እዚህ የነበረ ሰው መልሶለታል። የታለ?» ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ቁምሳጥኑን ሳይቀር። «ከዚህ ቤት ማን ጠፋ?»

እኔ ነኝ ማለት አሳፈረኝ። «እርስዎ ይመልሱለት እንጂ» አልኳቸው።

ተነሱ። «እኔ እዚያ አልነበርኩም። ለሞተ ሰው በሌላ ሰው ቦታ ገብቼ አልመልስም። የቡሌ ሆራዎቹም አይመልሱም።» በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «መልስ የሌለው ምርቃት ይዘው ሙሽራ አይወስዱም። ተነስተው ሌላ መራቂ ይጠይቃሉ። መምህር ሳይመርቅ ይቀመጣል።»

ሄዱ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ገና እየጠበቀ ነበር።

በነጋታው ወደ ዋሪዮ ሮጥኩ፤ በእኔ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ። ሱቁ ተዘግቷል። ሠርግ ሊያነሳ ወደ ተልተሌ ሄዷል፣ እስከ ሠርጋችን ማግስት አይመለስም አሉኝ። ስልኩ አይሠራም። ቢሠራስ ምን እለዋለሁ? የድሮውን አጥፋ ያልኩት እኔ፤ ካሴቱ ሲበላ ደስ ያለኝ እኔ። ወደ ኋላ የሚመልሰው ቁልፍ ያለው ተልተሌ ነው፤ እሱም ያን ያህል ወደ ኋላ አይደርስም።

ስለዚህ እኔው ራሴን ልተካ ወሰንኩ። ማድ ቤት ገብቼ ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ «ሃ ታኡ» አልኩና ሰማሁት። የአሮጊት ድምፅ ነው፤ የሚጠይቅ እንጂ የሚመልስ አይመስልም። በአሥራ ስምንት ዓይነት ሞከርኩ። ንዴት ጎደለኝ። ያን ቀን ያለኝ ንዴት ወጣት ነበር። ፍየል ብትኖር ይሻል ይሆናል ብዬ የጎረቤትን ፍየል በገመድ ጎትቼ ማድ ቤት አስገባሁ። ፍየሏ ጨዋ ነበረች። ቆማ አየችኝ። ስጮህባት ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም፤ መምህር ከስልኩ «አንደበትሽ» ሲል ግን ወደ ስልኩ ዞረች፣ መልሱን የምትጠብቅ ይመስል። ፈትቼ ሰደድኳት።

እስከ ሠርጉ የቀሩትን ሦስት ቀን ምርቃቱን አልከፈትኩም። እሱ ግን ተከፍቶ የቀረ መሰለኝ። ቤት ስጠርግ፣ እህል ስለቅም፣ አንዳች ቦታ ላይ ሥራዬን ሳላውቀው አቆማለሁ፤ ቤቱም አብሮኝ ያቆማል። የሚጠበቅብኝን የረሳሁ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ «አቤት» ብዬ አገኘሁት ራሴን፣ በቀትር፣ ባዶ ቤት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያ የካርድ ክፍሉ መስኮት ታየኝ፤ ከውስጥ ሆኖ የሚጠራው መምህር ነው፤ ሁለቴ ጠርቶኝ፣ ሦስተኛውን ከመጥራቱ በፊት መልሴን እየጠበቀ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ድንኳኑ ሞላ። የቡሌ ሆራ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀመጡ፤ ኦቦ ጃተኒ አጠገባቸው። ዳርሚ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች። አያቷን አታውቀውም። ከእሱ ያላት ነገር ቢኖር ይህ ምርቃት ነው። እኔ ከኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር፣ ምሰሶ ጥግ ተቀመጥኩ።

ድምፅ ማጉያው ጮኸና ጸጥ አለ። ከዚያ መምህር ጎዳና ድንኳኑን የሚያክል ሆኖ መጣ።

«ቤትሽ የሞላ ይሁን።»

ቆመ። ሦስት መቶ ሰው ጸጥ አለ። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች ተያዩ። የማጉያው ቀጭን ዝዝታ ብቻ ይሰማል። ልጄ ዞራ ፈለገችኝ፤ ምሰሶው ከለለኝ።

«ከብትሽ ይርባ።»

«ሜእእእ።»

ወጣቶቹ ሳቁ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ደረቀ፤ መምህር አልቀጠለም ነበርና። የሚጠብቅ ሰው ፊት ብዙ አይሳቅም። አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ከቡሌ ሆራ የመጡት ትልቁ ሽማግሌ ዱላቸውን ጨብጠው ሊነሱ አጋደሉ። ዳርሚ ቀና አለች። ፊቷን አየሁት።

«አንደበትሽ እንደ ቅቤ ይለስልስ» አለ ባሌ። ይህ ሦስተኛው ነው።

«ሃ ታኡ» አልኩ።

ከምሰሶው ጀርባ ወጣሁ። ድምፄ ትንሽ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን በሰው ፊት የጠራሁት የሰው ስም ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። ትልቁ ሽማግሌ ተመልሰው ተቀመጡ። አራተኛው ሲመጣ ተዘጋጅቼ ጠበቅኩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልኩራ፦ የቱ ጋ እንደሚያቆም፣ ስንት እንደሚቆይ፣ መቼ አየር እንደሚስብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ትንፋሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ከፊት ቆሜያለሁ። አሥራ አምስተኛው ላይ ከኋላ አብረውኝ የሚመልሱ ሴቶች ነበሩ። አሥራ ስምንተኛው አለፈ።

አሥራ ዘጠነኛው ቀረ። 

«ማድ ቤት ያለችውም ከእኔ በኋላ ብዙ ትኑር። ብቻዋን ስትሆን አትፍራ።»

አቆመ። ሴቶቹ ለእኔ ተዉልኝ፤ የማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። በዚህኛው ልመልስለት ወስኜ ነበር የመጣሁት። አየር ሳብኩ።

«ሃ ታኡ።»

አፌን ገና አልከፈትኩም ነበር። ከማጉያው ነው የመጣው። ዝቅ ብሎ፣ ረጋ ብሎ፤ ፍየል የማያባርር፣ ወተት የማያወርድ፣ ምንም የሌለበት ሰው ድምፅ። የእኔው የዚያን ቀን ድምፅ ነው፤ መልሼለት ኖሯል። ከዚያ ቁልፉ ቀጭ አለ።

አቧራ ያልኩት ያ ሐምራዊ ነገር ይህ ነበር። በሽሽታው ሥር ተቀብሮ ስንት ዓመት ኖሯል። የስልኬ ድምፅ ያንን አያወጣውም፤ ጆሮዬም እዚያ ቦታ አይቆይም ነበር።

«ሃ ታኡ» አልኩ እኔም፣ ዘግይቼ፤ ጀምሬው ስለነበር ነው።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ኦቦ ጃተኒ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ያሉ መስሏቸው፣ «መምህር ሁለት ሚስት ነበሯቸው እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ኦቦ ጃተኒ ወደ እኔ ዞሩ።

«ነበሯቸው» አሉ። «አንደኛዋን እኛም ዛሬ ገና መስማታችን ነው።»

እኔም።